የአሮጌ መኪና ጭስ ማውጫ፦ ሲበሰብስ፣ ሲፈታ፣ ሲቀየር

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በዛሬው ዝግጅታችን መኪና ሥር እንገባለን። ርእሳችን በአሮጌ አነስተኛ መኪና ላይ የጭስ ማውጫ ቧንቧ መቀየር ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ጠቅለል አድርገው ማርሚታ የሚሉትን።

ማርሚታ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው ድምፁን ነው። መኪናዋ መጮህ ትጀምራለች፤ ጎረቤት ይማረራል፤ የዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ሲቃረብ ባለቤቱ ቦሎ እንዳይከለከል ይሰጋል። ያኔ በያጅ ዘንድ ይወስዳትና ላሜራ ያስለጥፍባታል። ድምፁ ዝቅ ሲል ሥራው አለቀ ይባላል። እኔ ግን ዛሬ አጥብቄ የምናገረው ሌላ ጉዳይ አለ። ጭስ ማውጫ ድምፅ ከማፈኑ በፊት የተሠራበት ዋና ዓላማ መርዝን ከሰው አፍንጫ ማራቅ ነው። ትንሽ ቀዳዳ ምንም ድምፅ ሳታሰማ መርዙን ልትለቅ ትችላለች። የበሰበሰ ቧንቧ ይቀየር የምለው ለዚህ ነው፤ ከተቀየረም በኋላ ከሞተሩ እስከ መጨረሻው ጫፍ አንድም ቦታ እንደማያፈስ ሳይረጋገጥ መኪናዋ ከጋራዥ አትውጣ።

የመርዙ ስም ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቤንዚን አየር አጥሮት ሲቃጠል ይወለዳል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አይቆጠቁጥም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከዚህ ጋዝ ጋር ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል። አንዴ ከተጣበቀ ቶሎ አይለቅም፤ ሰውየው እየተነፈሰ ኦክስጅን ያጥረዋል። በክረምት ወይም በበዓል ሰሞን በር ዘግተው፣ ከሰል አያይዘው የተኙ ሰዎች ሳይነሱ ቀሩ ሲባል ሰምታችኋል። እነሱን የገደለው ጋዝና ከመኪና ጭስ ማውጫ የሚወጣው ጋዝ አንድ ነው። አንዳንድ ሰው «የጭስ ሽታ ስለማይሸተኝ ምንም የለም» ይላል። የሚሸተው ያልተቃጠለው ነዳጅና ጥቀርሻው ነው፤ ሽታው ባይኖርም ጋዙ ሊኖር ይችላል።

ምልክቱን እወቁት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ያለ ምክንያት የሚመጣ ድብርትና እንቅልፍ። መኪና ውስጥ ያላችሁት ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ወርዳችሁ ንጹሕ አየር ስታገኙ ደግሞ ከተሻላችሁ፣ ጥርጣሬያችሁ መጀመሪያ ጭስ ማውጫው ላይ ይሁን። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከሌላው ሰው ይልቅ ይጎዳሉ። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የሚውል የታክሲ አሽከርካሪ ደግሞ ጥቂት ጥቂት እየተነፈሰ ማታ ራሱን ሲያመው «ፀሐይ መታኝ» ሊል ይችላል።

እኛ በምንኖርበት ከፍታ ጉዳዩ ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡራተር ያላት አሮጌ መኪና ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክላ ከተሠራችና እዚህ ካልተስተካከለች፣ ለሚገባው አየር የሚበዛ ቤንዚን ትሰጣለች። ያ የተረፈ ቤንዚን በወጉ አይቃጠልም፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ይጨምራል። ስለዚህ ደጋ ላይ የምትነዳ አሮጌ መኪና ማርሚታዋ ሲቀደድ የምትለቀው ጭስ ከወትሮው የከፋ ነው። ማርሚታ የሚቀይር ሰው በዚያው ካርቡራተሩን ቢያስተካክል ደግ ሥራ ሠራ።

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንለፍ። ለዛሬ የመረጥኳት መኪና ላዳ ናት። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ አዲስ አበባን ለአሥርት ዓመታት ያመላለሰች መኪና ስለሆነች አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 በሶቪየት ኅብረት፣ ቶሊያቲ በምትባል ከተማ መመረት ስትጀምር መሠረቷ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነበር። ከተማዋም ስሟን ያገኘችው ከጣሊያን ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ ከፓልሚሮ ቶሊያቲ ነው። ለትምህርት የምትመች ያደረጋት ግን ጭስ ማውጫዋ ግልጽ መሆኑ ነው፤ ካርቡራተር ባላቸው በቀደሙት ሞዴሎች ላይ በመሐል ካታላይዘርም ሴንሰርም የለም። ኮሮላ ወይም ቪትዝ ያላችሁ የተለየውን ነገር ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ከፊት እንጀምር። ሞተሩ ላይ በቡሎን የታሰረው፣ ከአራቱ ሲሊንደሮች የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ከባድ ብረት ማኒፎልድ ይባላል። ከእሱ በታች የፊተኛው ቧንቧ አለ፤ ከላይ ሁለት ሆኖ ይጀምርና ወደ ታች አንድ ይሆናል፤ የተገለበጠ ሱሪ ይመስላል። ይህ ቧንቧ በካምቢዮው በኩል በማሰሪያ ይያዛል። ቀጥሎ መካከለኛው ድምፅ ማፈኛ ይመጣል። ከዚያ ቧንቧው ተጠማዞ በኋላው አክስል ላይ ያልፍና ወደ ትልቁ የኋላ ማርሚታ ይደርሳል። ክፍሎቹ አንዱ አንዱ ውስጥ እየገቡ በብረት ማጥበቂያ ይያያዛሉ። የኋላው ክፍል ደግሞ ከመኪናው አካል ላይ በላስቲክ ይንጠለጠላል። ላስቲኩ ምክንያት አለው፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ቧንቧው አብሮት እንዲወዛወዝ፣ ሲግልና ሲረዝምም መፈናፈኛ እንዲያገኝ ነው። ላስቲክ ተበጥሶ በሽቦ የታሰረ ማርሚታ መንቀጥቀጡን ሁሉ ወደ መገጣጠሚያው ያስተላልፋል፤ ብዙም ሳይቆይ ብየዳው ይሰነጠቃል።

ማርሚታው ውስጥ ያለውን ማወቅ ለግዢም ይጠቅማል። ባዶ ቆርቆሮ አይደለም። በውስጡ ክፍልፋዮችና ብዙ ቀዳዳ ያላቸው ቧንቧዎች አሉ። ከሲሊንደር በኃይል የሚወጣው ጋዝ እየተከፋፈለ ያልፋል፤ የድምፁ ሞገድ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመለሰ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ስለዚህ ከውጭ ደህና የሚመስል ማርሚታ ውስጡ ተሰባብሮ ሊሆን ይችላል።

የሚበሰብሰውስ ለምንድን ነው? ብዙ ሰው የክረምት ጭቃና ጎርፍ ያበሰበሰው ይመስለዋል። ጭቃውም ድርሻ አለው። ዋናው ዝገት ግን ከውስጥ ይነሳል። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ተቃጥሎ የሚወጣው ውሃ ራሱ አንድ ሊትር ያህል ነው። ጠዋት መኪና ሲነሳ ከጭስ ማውጫው ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለው ይኸው ውሃ ነው። ረጅም መንገድ የሚነዳ መኪና ቧንቧው ሙሉ ለሙሉ ስለሚግል ውሃው ተንኖ ይወጣል። ከመገናኛ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቤት የምትመላለስና በየመሐሉ የምትቆም መኪና ግን የኋላ ማርሚታዋ በወጉ ሳይግል ሞተሯ ይጠፋል። ውሃው እዚያው ይተኛል፤ ከጭሱ አሲድ ጋር ተቀላቅሎ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ከሞተሩ የራቀው የኋላው ክፍል ከፊተኛው ቀድሞ የሚበሰብሰው ለዚህ ነው። በብዙ ማርሚታዎች ሆድ ላይ ሆን ተብሎ የተበሳች ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ውሃው እንዲንጠባጠብ የተሠራች ናት። በያጅ አይቶ እንዳይደፍናት ንገሩት።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አድማጮቻችን፣ መኪናችሁን እንዴት ትመረምራላችሁ? ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ፣ ጠዋት፣ ሁለት ሰው ሆናችሁ ጀምሩ። አንዱ ሞተሩን ያስነሳ፤ ሌላው ወፍራም ጓንት አድርጎ የራሰ ወፍራም ጨርቅ በጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይያዝ። ጭሱ በጫፉ መውጣት ሲያቅተው የተበሳውን ቦታ ፈልጎ ይወጣል፤ «ፍስስ» ወይም «ፑፍ ፑፍ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ይህንን የምታደርጉት ደጅ ላይ፣ አየር በሚነፍስበት ቦታ ነው። ጋራዥ ውስጥ በር ዘግቶ፣ ወይም የግቢ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሞተር አስነስቶ ማርሚታ መመርመር ራስን ለዚያው ጋዝ አሳልፎ መስጠት ነው።

ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መኪናዋ በብረት ማቆሚያ ላይ ከተደገፈች በኋላ ሥሯ ግቡና ቧንቧውን ተመልከቱ። መገጣጠሚያ አካባቢ ጥቁር የጥቀርሻ ምልክት ካለ እዚያ ጭስ ያልፋል። የዛገውን ቦታ በመፍቻ ጫፍ ጫን በሉት፤ ከገባ ብረቱ አልቋል። ማርሚታውን በእጅ ነቅነቅ ስታደርጉት ውስጡ የሚንኳኳ ከሆነ ክፍልፋዩ ተሰብሯል። በዚያው የመኪናዋን ወለል እዩ። አሮጌ መኪና ወለሏ ይዝጋል፤ ሽቦና ገመድ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ላስቲካቸው ወልቆ ይወድቃል። ከሥር የሚያፈስ ጭስ ወደ ውስጥ የሚገባው በእነዚህ ነው። ማኒፎልዱ አካባቢ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ከኮፈኑ ሥር ተነስቶ በአየር ማስገቢያው በኩል ይገባል። ቮልስዋገን ያላችሁ የበለጠ ልትጠነቀቁ ይገባል። ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በአየር የሚቀዘቅዘው አሮጌው ቮልስ የሚያሞቃችሁ አየር በጋለው የጭስ ቧንቧ ዙሪያ አልፎ የሚመጣ ነው፤ እዚያ ያለው ብረት ከተበሳ ማሞቂያውን ስትከፍቱ ጭሱን ራሳችሁ ጠራችሁት ማለት ነው።

አንድ ልማድም አለ፤ የኋላ ሻንጣ ክዳን ከፍቶ፣ ዕቃ ጭኖ በገመድ አስሮ መሄድ። ላዳ ላይ ፍራሽ፣ ጆንያ፣ የበዓል በግ እንዲህ ሲጫን እናያለን። መኪና ስትሄድ ከኋላዋ ያለው አየር ይሳሳል፤ ክዳኑ ክፍት ከሆነ ከጭስ ማውጫው የወጣው ጭስ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይሳባል። ይህ የሚሆነው ማርሚታው አዲስ ቢሆንም ነው። ግድ ከሆነ የፊት መስኮቶችን ከፍታችሁ፣ ለአጭር መንገድ ብቻ ይሁን።

አሁን ግዢው። መርካቶ ሱማሌ ተራ ብትሄዱ አዲስም ያገለገለም ታገኛላችሁ። የኋላ ማርሚታ ያገለገለ እንድትገዙ አልመክርም፤ ከውስጥ ስለሚበላ ከውጭ ቀለም ተቀብቶ ሲታይ ያሳስታል። ገንዘብ ካነሰ የፊተኛውን ቧንቧ ያገለገለ ግዙ፤ እሱ ስለሚግል ከውስጥ ብዙ አይዝግም። የኋላውን አዲስ አድርጉት። ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተያዩ። የቧንቧው ውፍረት፣ የጥምዘዛው አቅጣጫ፣ የማንጠልጠያው ቦታ አንድ ካልሆነ ሥራው ላይ በመዶሻ ሲገደድ ይውላል፤ የተገደደ ቧንቧ ደግሞ መገጣጠሚያውን ሁልጊዜ ይወጥረዋል። ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያ መሐል የሚገባው ማሸጊያ)፣ ማጥበቂያ፣ ማንጠልጠያ ላስቲክና ዳዶ አዲስ ግዙ። ከጠቅላላው ወጪ ትንሹን የሚወስዱት እነሱ ሆነው ሳለ አሮጌውን መልሶ መጠቀም አዲሱን ቧንቧ ያበላሻል። ዳዶው ከናስ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ ናስ ከብረት ጋር በዝገት ስለማይጣበቅ ከዓመታት በኋላም በቀላሉ ይፈታል።

አንዳንድ ቦታ ማርሚታ በመግዛት ፈንታ የውሃ ቧንቧ ተቆርጦ ይበየዳል። ነጩ የውሃ ቧንቧ ዚንክ የተለበጠ ነው። ሲበየድ ዚንኩ ይተንናል፤ ያንን የተነፈሰ በያጅ ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ደረቱ ይጨነቃል። ብዙ በያጆች ለዚህ ወተት ይጠጣሉ። ወንድሞቼ፣ ወተት ወደ ሆድ ይሄዳል እንጂ ሳንባ የገባውን አያጥብም። የሚያድነው ዚንክ የተለበጠውን አለመበየድ፣ ሥራውን ነፋስ ባለበት ቦታ ማድረግና ለብየዳ ጭስ የተሠራ ጭንብል መልበስ ነው።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

ወደ መፍታቱ እንምጣ፤ የሥራው አስቸጋሪ ክፍል እዚህ ነው። መጀመሪያ ደህንነታችሁ። መኪናዋ ደልዳላ መሬት ላይ ትቁም፤ ጎማዎቿ ከፊትና ከኋላ በእንጨት ይደገፉ። ክሪክ ማንሻ ነው፤ መደገፊያ አይደለም። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ብሎኬትም አትመኑ፣ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። የብረት ማቆሚያ ከሌላችሁ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ውሰዷት። ቧንቧው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። በጭነት ሲሠራ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ጋዝ ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊበልጥ ይችላል፤ ብረቱም ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ረጅም ጊዜ ያቃጥላል። ተኝታችሁ ወደ ላይ ስትሠሩ ዝገት ዓይን ውስጥ ይገባልና መነጽር አድርጉ።

ላዳ ላይ የፊተኛው ቧንቧ ከማኒፎልዱ ጋር በአራት ዳዶ ይታሰራል። መፍቻቸው 13 ቁልፍ ነው። ዳዶዎቹ የሚጠብቁባቸው ጭንቅላት የሌላቸው ቡሎኖች 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ አላቸው፤ ለዓመታት ሲግሉና ሲቀዘቅዙ የኖሩ ናቸው፤ ጉልበት ሲበዛባቸው እንደ ክር ይበጠሳሉ። የተበጠሰ ቡሎን ማኒፎልዱ ውስጥ ከቀረ በድሪል ተቦርቡሮ መውጣት አለበት፤ የግማሽ ቀን ሥራ የሁለት ቀን የሚሆነው እዚህ ነው።

ስለዚህ ከጉልበት በፊት ጊዜ ስጡት። ከመፍታታችሁ በፊት ባለው ማታ የቡሎኖቹን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጽዱና ዝገት አለስላሽ ዘይት፣ ደብልዩ ዲ 40 ወይም የመሰለውን፣ ነፍታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ድገሙት። ቁልፉ ዳዶውን ዙሪያውን የሚይዝ ዓይነት ይሁን፤ በሁለት ጎን ብቻ የሚይዘው ማዕዘኑን ይልጠዋል። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ሞክሩት፤ ዝገቱ «ጠቅ» ብሎ ሲሰበር ትሰማላችሁ። ከዚያ ሩብ ዙር ፍቱ፣ መልሱ፣ ዘይት ጨምሩ፣ እንደገና ፍቱ። እምቢ ካለ መካኒኮች በእሳት ያግሉታል፤ ዳዶው ሲግል ይሰፋና ይለቃል። ይህ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ላዳ ሞተር ላይ ካርቡራተሩ ያለው ከጭስ ማኒፎልዱ በላይ፣ በዚያው ጎን ነው። ከላይ ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ካርቡራተር፣ ዘይት የተነፋበት ብረትና የእሳት ነበልባል አንድ ቦታ መገናኘት የለባቸውም። ዘይቱ ይጠረግ፣ የቤንዚኑ ቧንቧ ይፈተሽ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብ ይቁም። ልምድ የሌለው ሰው ይህንን አይሞክር።

የኋለኞቹ መገጣጠሚያዎች እንዲህ ሊያስጨንቋችሁ አይገባም። ቧንቧው ስለሚጣል ዝገት ካጣበቀው በብረት መጋዝ መቁረጥ ነው። የእጅ ፍሬኑን ገመድና የፍሬን ዘይት ቧንቧውን ግን እንዳትነኩ። በአክስሉ ላይ የሚያልፈውን ክፍል ለማውጣት የመኪናዋን አካል ከፍ አድርጎ ጎማዎቹ ወደ ታች እንዲንጠለጠሉ ማድረግ ቦታ ይሰጣል።

አሮጌውን ጓርኒሲዮን ስትፋቁ ተጠንቀቁ። በቀድሞ ዘመን ለጭስ ማውጫ የተሠሩ ጓርኒሲዮኖች አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ የላዳም እንዲሁ። የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። በደረቁ በሽቦ ብሩሽ አትፈግፍጉት፣ በአየር ግፊትም አትንፉት። ውሃ አርከፍክፉበት፣ እርጥብ እያለ በቀስታ ልጡት፣ የወጣውን በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥራችሁ አስወግዱ። አሮጌውን ቧንቧ ለቆራሌው ስትሰጡም ጓርኒሲዮኑ ተለጥፎበት አይሂድ፤ ያንን ብረት የሚነካካው ብዙውን ጊዜ ጓንት የሌለው ወጣት ነው።

መግጠሙ ከመፍታቱ ይቀላል፤ አንድ ሕግ ግን አለው። ሁሉንም ክፍል መጀመሪያ በላላው ግጠሙ። አዲስ ጓርኒሲዮን ከማኒፎልዱ ጋር፣ የፊተኛው ቧንቧ፣ መካከለኛው፣ የኋላው፣ ላስቲኮቹ። ምንም ሳይጠብቅ ሙሉው ይንጠልጠልና በእጃችሁ እያወዛወዛችሁ አስተካክሉት። ቧንቧው ካርዳኑን፣ የእጅ ፍሬኑን ገመድ፣ አክስሉንና የወለሉን ብረት መንካት የለበትም፤ ሲግል እንደሚረዝም፣ ኋላ ሰው ሲቀመጥ ደግሞ አካሉ እንደሚወርድ አስቡ። ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ማጥበቁን ከሞተሩ በኩል ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። አራቱን ዳዶዎች በሰያፍ፣ ተራ በተራ፣ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። የካምቢዮው ማሰሪያ እንዳይረሳ፤ እሱ ካልታሰረ የቧንቧው ክብደት ማኒፎልዱ ላይ ይንጠለጠላል፣ አዲሱ ጓርኒሲዮንም ቶሎ ይበጠሳል። የቧንቧው ጫፍ ከመኪናው አካል ወጣ ብሎ መጨረስ አለበት። ከሻንጣው ሥር ተቆርጦ የቀረ ጫፍ ጭሱን ወለል ሥር ያከማቻል።

ብየዳ ካስፈለገ ቧንቧው ወርዶ፣ ከመኪናው ርቆ ይበየድ። የነዳጅ ታንክና የፍሬን ቧንቧ ባለበት አካባቢ ተኝቶ መበየድ ጋራዦችን አቃጥሏል። መውረድ የማይችል ከሆነም ቢያንስ የባትሪው ገመድ ይፈታ።

ኮሮላና ቪትዝ ላላችሁ ቃሌን ልጠብቅ። በእነዚህ መኪኖች ቧንቧ ላይ ካታላይዘር የሚባል ክፍል አለ። በውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ የተቀቡበት ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው አካል ተቀምጧል። በደንብ ሲግል ካርቦን ሞኖክሳይዱን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀይረዋል። ማዕድኖቹ ውድ ስለሆኑ ገዢ አያጡም፤ «አውጥተን ቀጥታ ቧንቧ እናድርግልህ፣ ጉልበት ይጨምራል» የሚል ሰው ሲመጣ አትስሙት። የሚደፍነው የተሰባበረ ካታላይዘር እንጂ ደህናው ከሞተሩ ጉልበት የሚወስደው ጥቂት ነው፤ እሱ ሲወጣ ግን የመርዙ መጠን ይጨምራል፣ ከኋላችሁ በእግሩ የሚሄደው ሰውም ይተነፍሰዋል። ቧንቧው ላይ የተተከለውን የኦክስጅን ሴንሰር ስትፈቱ ገመዱን አታጠማዝዙ፤ ከሴንሰሩ በፊት ያለች ቀዳዳም አየር አስገብታ ኮምፒውተሩን ታሳስተዋለች፣ መኪናዋም ነዳጅ ትበላለች።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ መንገድ ላይ ያሉት መኪኖች አርጅተው ረዘም ላለ ጊዜ ሊያገለግሉን ነው። የማርሚታ ሥራ በጋራዦቻችን እየበዛ ይሄዳል ብዬ አምናለሁ። ሥራው ክብር ያለው የእጅ ሙያ ነው፤ በጥንቃቄ የሚሠራ መካኒክ ስታገኙ ዋጋውን አትከራከሩት።

ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ሞተሩን ደጅ ላይ አስነሱ። መጀመሪያ ሲግል ከአዲሱ ቧንቧ የሚወጣው ስስ ጭስና የቀለም ሽታ የፋብሪካው መከላከያ ቀለምና የእጃችሁ ዘይት ሲቃጠል ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። ሳይግል በፊት የሳሙና ውሃ በየመገጣጠሚያው ላይ ቀቡና አረፋ የሚነፋበትን ቦታ እዩ። የጨርቁን ፈተናም ድገሙት፤ አሁን «ፍስስ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ያ መገጣጠሚያ ይጥበቅ ወይም ይፈታና ይታይ። ከዚያ አንድ ሳምንት ያህል ከነዳችሁ በኋላ ቀዝቃዛ እያለ ዳዶዎቹንና ማጥበቂያዎቹን በ13 ቁልፍ አንዴ ዞራችሁ ፈትሹ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ሲግል ስለሚተኛ ትንሽ ይላላል።

ጥያቄ ያላችሁ አድማጮች የመኪናችሁን ዓይነትና የተመረተችበትን ዓመት ጠቅሳችሁ ላኩልን። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ካርቡራተር ማስተካከል እንነጋገራለን። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)